በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ገዝቶ አድሶ መሸጥ፦ የየሰፈሩን ትርፍ እንዴት እናወዳድር?

አንዱ ለገጣፎ ላይ ቪላ ገዝቶ አድሶ ሸጠና ከሁለት ሚሊዮን ብር በላይ አተረፈ ይባላል። ሌላው የካ አባዶ ላይ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አድሶ ሸጠና ግማሽ ሚሊዮን ያህል አገኘ። ወሬውን የሚሰማ ሁሉ የሚቀናው በመጀመሪያው ሰው ነው። ስንት ብር አስሮ፣ ስንት ወር ጠብቆ፣ ግብሩንና ስም ማዛወሪያውን ከፍሎ ስንት ኪሱ ገባ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሰፈርን ከሰፈር ማወዳደር የሚባለው ይህንን መጠየቅ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ትርፉን የሚወስነው ከቀለሙና ከሴራሚኩ ይልቅ የሰነዱ ዓይነትና ገንዘቡ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ ስለሆነ፣ ይህ መመሪያም ብዙውን ቦታ የሚሰጠው ለእነዚህ ሁለቱ ነው።

አንደኛ፦ ሰፈሮቹን በካርታና በአስተዳደር ይከፋፍሉ

ዳርቻው አንድ ገበያ አይደለም። በምሥራቅ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ለገጣፎ አሉ። በደቡብ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮየ ፈጬና ገላን፣ በደቡብ ምዕራብ ጀሞ፣ ለቡ፣ ፉሪና ሰበታ፣ በሰሜንና በምዕራብ ደግሞ ሱሉልታና ቡራዩ ይገኛሉ። በመኪና ሲሄዱ አንዱ ከሌላው የት እንደተለየ ላይታወቅዎት ይችላል። ሰነዱ ላይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ገላን በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የሸገር ከተማ አካል ናቸው። ካርታ የሚሰጠው፣ ስም የሚያዛውረው፣ ግምት የሚያወጣው ጽሕፈት ቤት ከአዲስ አበባው ይለያል፤ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማያነብ ገዢ ውሉንና ካርታውን የሚያነብለት የሚያምነው ሰው ይዞ መሄድ አለበት። ደላላው «ምንም ችግር የለውም» ብሎ የሚተረጉመው በቂ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል የወሰን ስምምነት ስለተደረገ፣ በድንበሩ አካባቢ ያለ ቤት ዛሬ በየትኛው አስተዳደር እንደሚገለገል መጀመሪያ ማጣራት ያለብዎት ነገር ነው።

ቀጥሎ የሰነዱ ዓይነት ይመጣል። አንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ አምስት ዓይነት ቤት ሊኖር ይችላል፤ ዋጋቸውን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ማስፈር ስሌቱን ከጅምሩ ያበላሻል።

የጋራ መኖሪያ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ዋጋው ለማወዳደር ቀላል ነው፤ ብሎኩ፣ ፎቁና የመኝታ ቤቱ ቁጥር ከታወቁ ቀሪው ግልጽ ነው። ነገር ግን በዕጣ ያገኘ ሰው ለአምስት ዓመት መሸጥ አይችልም። ይህ ጊዜ ሳይሞላ «በውክልና እንጨርሳለን» የሚልዎት ሰው የሚሸጥልዎት ቤት ሳይሆን ተስፋ ነው። ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራል፣ ወካዩም በሕይወት እያለ ሊሽረው ይችላል። አድሰው ለመሸጥ ሲመጡም ቀጣዩ ገዢ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቅዎታል።

የሊዝ ይዞታ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ ቦታ) ካርታ ያለው ቤት ሲሆን ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ መኖሩን ያጣሩ፤ ዕዳው ወደ ገዢው የሚዞር ከሆነ የመግዣ ዋጋ አካል ነው። ቤቱ ያላለቀ ጅምር ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ በሚደረግ ሽያጭ ላይ ሻጩ ከዋጋ ጭማሪው የሚያገኘውን ድርሻ በጣም ይገድባል። አጥር ብቻ ያለበትን ቦታ ገዝቶ ዋጋው ሲጨምር መሸጥ የሚለው ሐሳብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ነባር ይዞታን፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘን ቦታ፣ ብዙ ሰው «የተሻለ ካርታ» አድርጎ ያየዋል። ሆኖም በዚሁ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ማስላት ያስፈልጋል፤ አንዴ እርስዎ ሲገዙ፣ አንዴ ደግሞ እርስዎ ሲሸጡለት ሰውየው ከዋጋው ላይ ምን እንደሚቀንስ።

የማኅበር ቤትና የሪል እስቴት ቤት በየግቢው ይለያያሉ። እዚህ ላይ ጥያቄው አንድ ነው፦ ካርታው በግለሰቡ ስም ተለይቶ ወጥቷል ወይስ ገና በማኅበሩ ወይም በኩባንያው ስም ነው? አልወጣም ከተባለ የሚጠበቀውን ጊዜ ወር በወር ቆጥረው ስሌቱ ውስጥ ያስገቡት።

ካርታ የሌለውንና ከአርሶ አደር «በውል» የተገዛውን ቤት ከነጭራሹ ከዝርዝሩ ያውጡት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በሸገር ከተማ አካባቢዎች ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ዋጋው ግማሽ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። ሳሩን አይቶ ገደሉን የረሳው በሬ ተረት የተነገረው ለእንዲህ ዓይነቱ ግዢ ይመስለኛል።

በዚህ ማጣሪያ ሲያልፉ ለማወዳደር የሚቀርብልዎት ሁለት ወይም ሦስት ሰፈር ብቻ ይሆናል። ይህ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ ማጥናት የሚችል ሰው አላየሁም።

ሁለተኛ፦ የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ያግኙ

እኛ ዘንድ ማንም ገብቶ የሚያነበው የቤት ሽያጭ መዝገብ የለም። ደላላ የሚነግርዎት፣ በቴሌግራም የሚለጠፈው፣ ጎረቤት የሚያወራው ሁሉ የተጠየቀ ዋጋ ነው። የተሸጠበትን ለማግኘት አራት መንገድ ይሞክሩ።

አንደኛው፣ ለአንድ ሰፈር ቢያንስ ሦስት ደላላ ያነጋግሩ፤ ለአንዱ ገዢ ሆነው፣ ለሌላው ያንኑ ዓይነት ቤት የሚሸጥ ሰው ሆነው። ለገዢ 5 ሚሊዮን የተባለ ቤት ለሻጭ «ከ4 ሚሊዮን 300 ሺህ አይበልጥም» ከተባለ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ገበያው ቀዝቅዟል ወይም ደላላዎቹ አካባቢውን አያውቁትም ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ለባንክ ብድር የንብረት ግምት የሚሠራ መሐንዲስ ካወቁ ያማክሩ። የባንክ ግምት ከገበያው ዝቅ ይላል፤ ጥቅሙ ግን በሁሉም ሰፈር ላይ በተመሳሳይ ዘዴ መሠራቱ ነው። ለማወዳደር ደግሞ ከትክክለኛነት ይልቅ የመለኪያው አንድ ዓይነትነት ይጠቅማል።

ሦስተኛው፣ በጋዜጦች የሚወጡ የባንክ የሐራጅ ማስታወቂያዎችን ይከታተሉ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ መሸጥ ስለሚችሉ፣ የቦታው ስፋት፣ የካርታው ዓይነትና መነሻ ዋጋው በግልጽ ይታተማሉ። ጨረታው ላይ ተገኝተው በስንት እንደተሸጠ መስማትም ይችላሉ። በነገራችን ላይ ከዚህ መንገድ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ከደላላ ከሚገዛው በተሻለ ዋጋ ያገኛል፤ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ካልወጣ ግን ወራት ይበላል።

አራተኛው፣ በአዲስ አበባ የሊዝ ጨረታ አሸናፊዎች በካሬ ሜትር ያቀረቡት ዋጋ ነው። ባዶ ቦታ በካሬ የወጣበትን ካወቁ ከቪላው ዋጋ ላይ ቀንሰው ለግንባታው ስንት እየተከፈለ እንደሆነ ማየት ይችላሉ።

ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ይቀይሩ። ለቪላ በቦታው ካሬ፣ ለኮንዶሚኒየም በቤቱ ካሬ። በኮንዶሚኒየም ላይ ፎቁን አይርሱ፤ ባለአራት ፎቅ የ20/80 (20 በመቶ ተቆጥቦ ቀሪው በብድር የሚከፈልበት የመንግሥት የቤት ፕሮግራም) ብሎኮች ሊፍት ስለሌላቸው የላይኛው ፎቅ ሲገዙት የረከሰውን ያህል ሲሸጡትም ይረክሳል።

ሦስተኛ፦ የመግዣና የመሸጫ ወጪን በሙሉ ይቁጠሩ

ከተነገረው ዋጋ ላይ የሚጨመር ብዙ ነገር አለ። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው። የከተማው የስም ማዛወሪያ ክፍያ በላዩ ላይ ይመጣል፤ የሚሰላውም ጽሕፈት ቤቱ በሚያወጣው ግምት ላይ ሊሆን ስለሚችል በየአስተዳደሩ ሄደው ይጠይቁ። የደላላ ክፍያ በልማድ ከገዢም ከሻጭም 2 በመቶ ያህል ነው፤ አድሶ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ ይከፍላል። የውል ማረጋገጫ፣ የእገዳ ማጣሪያ፣ ያልተከፈለ የቦታ ኪራይና የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የውሃና የመብራት ውዝፍም አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ተደርጎ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ ስላለበት፣ «በመንደር ውል እንጀምርና» የሚለውን አይቀበሉ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ፣ ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቁ። ይህ ወረቀት ጎድሎ ሽያጩ ለወራት ሊቆም ይችላል።

ግብሩን ለብቻው ያስቡት። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሕንፃ ሲተላለፍ በሚገኘው ጥቅም ላይ የተጣለው ግብር 15 በመቶ ነው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ከመግዛትዎ በፊት ገቢዎች ቢሮ ሄደው ያሁኑን አሠራር ይጠይቁ። ለዓመታት ኖሮበት የሸጠ ጎረቤትዎ «ምንም አልከፈልኩም» ቢል ለእርስዎ መነሻ አይሆንም። እርስዎ የገዙት ለመሸጥ ነው። ይህንን እየደጋገሙ ሲሠሩ ደግሞ ንግድ ነው ሊባልና እስከ 35 በመቶ በሚደርሰው የንግድ ትርፍ ግብር ሊታይ ይችላል።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ገንዘብ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ደረሰኝ ነው። በ2 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር አድሰው ደረሰኝ ካልያዙ፣ ያ ወጪ እንደ ትርፍ ተቆጥሮ በ15 በመቶ ስሌት 330 ሺህ ብር ተጨማሪ ግብር ሊያስከፍልዎት ይችላል። «ያለ ደረሰኝ ይቀነስልዎት» የሚለውን ነጋዴ ቅናሽ ከዚህ ጋር ያመዛዝኑት። ሁለተኛው ውል ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ነው። ሕገ ወጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሲገዙ 3 ሚሊዮን ብለው የጻፉትን ቤት ሲሸጡ በትክክለኛው ዋጋ ካስመዘገቡ የሻጩ የቀድሞ ግብር በእርስዎ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

አራተኛ፦ እድሳቱን ለሰፈሩ ልክ ይስፉት

ያው ወጪ በየሰፈሩ እኩል አይመለስም። በየካ አባዶ ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገዢው የሚያየው ኩሽናውን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ወለሉንና በሩን ነው። ከዚያ ያለፈ ጌጥ ገንዘቡን አይመልስም፤ ምክንያቱም እዚያው ብሎክ ውስጥ ያልታደሰ ቤት በምን ያህል እንደሚሸጥ ገዢው ያውቃል። ግድግዳ ማፍረስና በረንዳ መዝጋት ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ከሕንፃው ማኅበርም ጋር የሚያጣላ ሥራ ነው።

በለገጣፎ፣ በሱሉልታ ወይም በሰበታ ቪላ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው አጥሩን፣ የግቢ በሩን፣ የግቢውን ንጣፍና የውሃ ማጠራቀሚያውን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከፍ ባለ ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶና የሚሠራ ፓምፕ ከውድ መብራት ይበልጥ ቤት ይሸጣል። የራሱ ቆጣሪ የሌለው ቤት ከሆነ የመብራት ቆጣሪ ማስገባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ወሩን ይቁጠሩለት። ሰርቪስ ቤቱ ፕላኑ ላይ ከሌለ ደግሞ ማሳመር ሳይሆን መጀመሪያ ሕጋዊ ማድረግ ወይም ማፍረስ ይቀድማል።

አፈሩንም ይመልከቱ። በከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ፣ ከቦሌ አራብሳ እስከ አቃቂና ኮየ ባለው ሜዳ፣ ብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቀት የሌለው ቤትም አብሮት ይሰነጠቃል። በልስን የተሸፈነ ስንጥቅ በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል። በመስኮትና በበር ማዕዘን ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካዩ በቀለም ዋጋ ሳይሆን በመሠረት ጥገና ዋጋ ያስሉት፤ ወይም ትተውት ይሂዱ። በእንጦጦ በኩል፣ ወደ ሱሉልታና ቡራዩ፣ የሚያስቸግረው ብርዱ፣ ነፋሱና ዳገቱ ነው። እዚያ በደንብ የሚዘጋ መስኮት ከሰፊ መስኮት ይመረጣል።

ዋጋ ሲያስወጡ የእጅ ዋጋውንና የዕቃውን ዋጋ ለይተው ይጻፉ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ የምንዛሪው ለውጥ ሴራሚክ፣ ሳኒተሪ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃና አልሙኒየም ላይ ወዲያው ይታያል። ብሎኬት፣ አሸዋና የግንበኛ ክፍያ የሚንቀሳቀሱት በሌላ ፍጥነት ነው። ስለዚህ የፊኒሺንግ ሥራ የበዛበት ቤት ለዶላር የበለጠ ይጋለጣል። የመጠባበቂያ ገንዘቡንም ለሁለቱ ቤት አንድ ዓይነት አያድርጉት፤ ለኮንዶሚኒየም 10 በመቶ፣ ለአሮጌ ቪላ ግን ከ20 በመቶ ባያንስ እመርጣለሁ።

አምስተኛ፦ ወሩን በሐቀኝነት ይቁጠሩ

አብዛኛው ሰው የሚቆጥረው የእድሳቱን ጊዜ ብቻ ነው። ትክክለኛው ጊዜ ቀብድ ከከፈሉበት ቀን ጀምሮ የሽያጩ የመጨረሻ ብር ሒሳብዎ እስከሚገባበት ቀን ድረስ ነው። ስም ማዛወር፣ ቤቱን መረከብ፣ እድሳት፣ ገዢ መፈለግ፣ የገዢው ባንክ ብድር እስኪለቀቅ መጠበቅ፣ እንደገና ስም ማዛወር፤ ሁሉም ይቆጠራል። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦት ሳለ፣ በኋላም ወደ 18 በመቶ ከፍ ሲያደርገው፣ ገዢዎች ብድር የሚያገኙበት ፍጥነት ተለውጧል። ውድ ቤት ደግሞ ብድር የሚፈልግ ገዢ ይበዛበታል።

ተከራይ ያለበትን ቤት ሲገዙ ለይተው ያስሉት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። «ተከራዩን በአንድ ወር አስወጣዋለሁ» የሚል ሻጭ ቃሉን ውል ላይ ያስፍር፤ ባዶ ቤት ሳይረከቡም ሙሉ ክፍያ አይክፈሉ።

ወቅቱም ሰፈር ይመርጣል። አስፋልት ያልደረሰበት መንገድ ላይ በክረምት አሸዋ የጫነ መኪና አይገባም፤ ስለዚህ በሰኔ የተገዛ የሰበታ ቪላ ሥራው በመስከረም ይጀመራል ብለው ያስቡ። በሌላ በኩል ክረምት ለገዢ ምርጥ ጊዜ ነው። ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፣ ጎርፉ በየት እንደሚገባ፣ መንገዱ ምን እንደሚሆን ሻጩ ሊደብቀው አይችልም። ለሽያጭ ግን ጥቅምትና ኅዳርን፣ ከውጭ የሚመጡ ኢትዮጵያውያን በሚበዙበት በገናና በጥምቀት ሰሞንም ታኅሣሥንና ጥርን ያስቡ።

ስድስተኛ፦ ስሌቱ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ በእርስዎ ሰፈር ባገኙት ቁጥር ይተኳቸው።

የካ አባዶ፣ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፦
- መግዣ 4,000,000 ብር
- ስም ማዛወሪያና ቴምብር 200,000 ብር
- ደላላ 80,000 ብር
- እድሳት 500,000 ብር
- ልዩ ልዩ 20,000 ብር
- የገባው ገንዘብ በድምሩ 4,800,000 ብር
- መሸጫ 5,500,000 ብር፣ ከዚህ ላይ ለደላላ 110,000 ብር
- ከግብር በፊት ትርፍ 590,000 ብር፣ ግብር 88,500 ብር፣ የተጣራ 501,500 ብር
- ጊዜ 5 ወር

ለገጣፎ፣ ካርታ ያለው ቪላ፦
- መግዣ 9,000,000 ብር
- ስም ማዛወሪያና ቴምብር 450,000 ብር
- ደላላ 180,000 ብር
- እድሳት 2,200,000 ብር
- ጥበቃ፣ ውሃ፣ መብራትና ሌላ 170,000 ብር
- የገባው ገንዘብ በድምሩ 12,000,000 ብር
- መሸጫ 15,000,000 ብር፣ ከዚህ ላይ ለደላላ 300,000 ብር
- ከግብር በፊት ትርፍ 2,700,000 ብር፣ ግብር 405,000 ብር፣ የተጣራ 2,295,000 ብር
- ጊዜ 14 ወር

በብር ሲታይ ለገጣፎ ከአራት እጥፍ በላይ ያተርፋል። አሁን የተጣራውን ትርፍ ለገባው ገንዘብ ያካፍሉት፦ የካ አባዶ 10.4 በመቶ፣ ለገጣፎ 19.1 በመቶ። ውጤቱን በ12 አባዝተው በወሩ ብዛት ሲያካፍሉት የዓመቱን ያገኛሉ፦ የካ አባዶ 25.1 በመቶ፣ ለገጣፎ 16.4 በመቶ። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ገና ነው። 25 በመቶ የሚገኘው አንዱ ቤት በተሸጠ ማግስት ሌላው ሲገዛ ብቻ ነው። እውነቱ ግን በሁለት ቤቶች መካከል ፍለጋ፣ ድርድርና የሰነድ ማጣራት አለ። ለዚህ ሦስት ወር ቢጨመር የካ አባዶ በ8 ወር ዙር ወደ 15.7 በመቶ፣ ለገጣፎ በ17 ወር ዙር ወደ 13.5 በመቶ ይወርዳል። ባዶው ጊዜ አጭሩን ዙር አብዝቶ ይጎዳዋል። በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ቤት የሚያቀርብልዎት የታመነ ሰው ከሌለዎት የኮንዶሚኒየሙ ፍጥነት ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ከዚያ ከገንዘቡ ሌላ ማረፊያ ጋር ያስተያዩት። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ በ2010 ዓ.ም. 7 በመቶ ከሆነ ወዲህ የዋጋ ንረቱ ያለማቋረጥ ሲበልጠው ኖሯል፤ በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ 14 በመቶ ከባንክ ይሻላል ማለት አትራፊ ነው ማለት አይደለም። የዋጋ ንረቱ 14 በመቶ ከሆነ ያን ሁሉ ወር ከግንበኛ ጋር ሲጨቃጨቁ የከረሙት በነፃ ነው። ገንዘቡ ከዕቁብ ወይም ከዘመድ የመጣ ከሆነም ዋጋ ያስቀምጡለት፤ ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ሌላ ሥራ ላይ ቢውል ስንት ያመጣ ነበር?

አንድ ተጨማሪ መስመር ይጻፉ፦ ቤቱ ሳይታደስ ዛሬ ስንት ያወጣ ነበር? የለገጣፎው ቤት በ14 ወር ውስጥ ምንም ሳይነካ 10,200,000 ብር ደርሶ ከሆነ፣ ከጭማሪው 1,200,000 ብሩን ያመጣው ገበያው ነው። ይህን የእድሳት ችሎታዎ ያመጣው ትርፍ አድርገው ከቆጠሩት ገበያው በቆመበት ዓመት ያው ዕቅድ ያከስርዎታል።

ሰባተኛ፦ ቁጥሮቹን ያናውጧቸው

ሁለት ፈተና ይበቃል። የመሸጫው ዋጋ በ10 በመቶ ቢቀንስ የካ አባዶ ላይ ከግብር በኋላ የሚቀረው 43,350 ብር ብቻ ነው፤ በሌላ አነጋገር ምንም። ለገጣፎ ግን 1,045,500 ብር ይቀረዋል። ሽያጩ በሦስት ወር ቢዘገይ ደግሞ ተጨማሪውን የጥበቃና የመብራት ወጪ ሳንቆጥር፣ ፍለጋውን ጨምሮ ሁለቱም ወደ 11.4 በመቶ ገደማ ይጠጋሉ።

ስለዚህ ፈጣኑ ቤት ዋጋ ሲወርድ ይሰበራል፣ ጊዜ ሲረዝምም ብልጫውን ያጣል፤ ዘገምተኛው ቤት ዋጋ ቢወርድም ይቆማል፤ ገንዘብዎን ግን ለረጅም ጊዜ ያስርብዎታል። የትኛው አደጋ በእርስዎ ሰፈርና በእርስዎ ኪስ ላይ እንደሚበረታ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ገንዘቡ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከሆነ 17 ወር ማሰር አይችሉም። ቀን ተቀን ቤት ሲፈልጉ መዋል የማይችሉ ደመወዝተኛ ከሆኑ ደግሞ አጭሩን ዙር ደጋግመው መጠቀም ያቅትዎታል።

በፈተናው ውስጥ ወሬን አያስገቡ። መንገድ ይወጣል፣ አየር ማረፊያ ይሠራል፣ ኮሪደር ልማት ይደርሳል የሚለው ሁሉ ደላላው ዋጋው ላይ ቀድሞ ደምሮታል። ከመስከረም 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድም ሆነ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ አያት የሚደርሰው ቀላል ባቡር ዛሬ ላይ ሁሉም ገዢ የሚያውቃቸውና በዋጋው ውስጥ ያሉ ነገሮች ናቸው። ቤቱ በዋና መንገድ ዳር ከሆነ ግን የኮሪደር ልማቱ ጉዳይ ከወሬ ያልፋል፤ አጥሩና ሱቁ ለመንገድ ማስፋፊያ ይነካ እንደሆነ ክፍለ ከተማው ፕላን ክፍል ሄደው በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ስምንተኛ፦ ከፍተኛውን የመግዣ ዋጋ ይዘው ይግቡ

ንጽጽሩ ካለቀ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰፈር ቁጥሩን ወደ ኋላ ይሥሩት፦ የምፈልገው የዓመት ትርፍ ይህ ከሆነ፣ በጥንቃቄ የገመትኩት መሸጫ ይህ ከሆነ፣ ቢበዛ በስንት ልግዛ? ለምሳሌ የካ አባዶው ቤት ከግብር በፊት 800,000 ብር እንዲያስገኝ ከፈለጉና መሸጫው 5,500,000 ብር ከሆነ፣ የመሸጫው ደላላ ሲቀነስ 5,390,000 ይቀራል። ከዚህ ላይ ትርፉና የእድሳት፣ የስም ማዛወሪያ፣ የደላላና የልዩ ልዩ ወጪው 800,000 ሲቀነሱ ከ3,790,000 ብር በላይ መግዛት የለብዎትም። ይህን ቁጥር ቤቱን ከማየትዎ በፊት ወረቀት ላይ ይጻፉት። ሻጩ ቡና አፍልቶ ሲያስተናግድዎትና ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ሲልዎት መደራደሪያ የሚሆንዎት እሱ ነው።

ከሽያጩ በኋላ በግምቱ ወረቀት ጎን ሌላ ዓምድ ከፍተው የሆነውን ይጻፉበት፦ ትክክለኛ ወጪ፣ ትክክለኛ ወር፣ ትክክለኛ ግብር። ከደረሰኞቹ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡት። ገቢዎች ቢሮ ቢጠይቅዎ መልስ ይሆንዎታል፤ ለሚቀጥለው የሰፈር ንጽጽር ደግሞ ከየትኛውም ደላላ ያላገኙት ቁጥር እጅዎ ላይ ይኖራል።